ባለ በሩ ሰውዬ

ወስፌ ይሏት ነበር። አንድም ቀኑን ሙሉ ከጣቶቿ መሐል በማይጠፋው መሣሪያ፣ አንድም በምላሷ። ማተሚያ ቤት ውስጥ መጽሐፍ ጠራዥ ነበረች፤ ታትሞና ታጥፎ የመጣላትን ወረቀት ትደረድራለች፣ ጀርባውን ትበሳለች፣ በክር ትሰፋለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት ገጽ ከቦታዋ አላዛነፈችም፤ አንዲትም ገልብጣ አልሰፋችም። ይህን የምትናገረው ራሷ ነበረች፤ ግን ውሸት አልነበረም።

ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ወስፌ ማንበብ አትችልም።

ቁጥር ታውቃለች። ገጾቹን የምትደረድረው በቁጥር ነው። የፊደልንም ራስና እግር ለይታ ታውቃለች፤ ያን ሁሉ ገጽ በእጇ አሳልፋ ይህን ካላወቀች ምኑን ሠራችው! ከዚያ በላይ ግን ፊደል ለእሷ የጉንዳን ሰልፍ ነው። ሥራ ስትገባ ሥራ አስኪያጁ፣ «ማንበብ ትችያለሽ?» ቢላት፣ «ታዲያስ!» አለችው። በዚያው ቀረ። ጓደኞቿ በእረፍት ሰዓት ጋዜጣ ሲያነቡ እሷም ዘርግታ ትቀመጣለች። «ምን ይላል?» ሲሏት፣ «ምን ይላል፣ የትናንቱን ውሸት ይደግማል እንጂ» ትላለች። ይስቃሉ። ያልፋል።

አንድ ሰኞ ጠዋት እንግዳ መጽሐፍ መጣላት። ገና የሙከራ ኅትመት ነው። ሽፋኑ ላይ ካሉት ሁለት መስመሮች በቀር ቃል የሚባል ነገር የለበትም፤ ሃያ አራት ሥዕል ብቻ። የገጽ ቁጥር እንኳ የለውም፤ ሰዓሊው ቁጥር ሥዕሌን ያበላሽብኛል ብሎ አስወጥቶታል።

አጠገቧ ወረቀት የምታጥፈው ሴት፣ ዕድሜዋ ገፋ ያለ ወሬ የማያመልጣት፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ይሄ ደግሞ ምን ይባላል? ጸሐፊው ቀለም አልቆበት ነው? ቁጥር የለ፣ ቃል የለ፤ በምን ልትደረድሪው ነው?»

ወስፌ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። ማየት ጀምራለች።

አንድ ቀጭን ሰውዬ በር በጀርባው ተሸክሞ ይሄዳል። በር ብቻ፤ ቤት የሌለው በር። ከተማ ይገባል። ሰው ይስቅበታል። ግድግዳ ለግድግዳ እየዞረ በሩን ይለካል፤ አንዱ ይጠበዋል፣ አንዱ ይሰፋዋል። አንዲት ሴት መስኮት ላይ ቆማ ጀርባዋን ትሰጠዋለች። ከዚያ ጉም ውስጥ ይገባል፤ ገጹ በሙሉ አመድ መስሎ ሰውየው የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነጥብ ይሆናል። ገጹ ሲገለጥ፣ በር በሌለው ቤት ውስጥ አንዲት ሴት ነፋስ ፀጉሯን እየበተነው ተቀምጣለች። በመጨረሻው ሥዕል በሩ ገጥሟል። ዝግ ነው። ሰውየውም ሴትየዋም አይታዩም፤ ከበሩ ሥር ብርሃን ብቻ ሾልኮ ይወጣል።

ወስፌ ክሩን አስቀመጠች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስንት መጽሐፍ ሰፍታለች፤ አንዱም አናግሯት አያውቅም። ይሄ አናገራት። 

ከዚያ ሥዕሎቹን እንደገና አየችና ተቆጣች።

«ይሄን የሣለው ማነው? ጥሩልኝ!»

ሰዓሊው ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ወጥቶ መጣ። ረዥም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ጣቶቹ ቀለም የጠጡ ወጣት ነው።

«የበሩ እጀታ እስከ ዘጠነኛው ሥዕል ድረስ በግራ ነው» አለችው ሰላም እንኳ ሳትለው። «አሥረኛው ላይ ቀኝ ሆነ። ሰውየው መንገድ ላይ በር ለወጠ እንዴ?»

ሰዓሊው ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና አላለም።

«ሦስት ሰው ነው ያየው» አለ ቀስ ብሎ። «ሦስት አራሚ። ማንም... ማንም አላ...»

«ማንም አላየውም በለኛ! ምላስህን ምን ያዘው?»

ፊቱ ደም ለበሰ። ምላሱን የያዘው ነገር አዲስ አልነበረም፤ ሦስት ቃል ካወጣ አራተኛው የሚጠፋበት ሰው ነው። ያለ ቃል መጽሐፍ መሥራቱም አለምክንያት አይደለም።

የተሳሳቱትን አራት ሥዕሎች እንደገና መሣል ነበረበት። ሥዕሎቹ ከማተሚያ ቤቱ አይወጡም ተባለ፤ መስኮት አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ደግሞ የወስፌ ብቻ ነው። በጠረጴዛው ጫፍ ተቀመጠ። አራት ሥዕል በሦስት ቀን ያልቃል። እሱ አሥራ አንድ ቀን ፈጀበት።

«ለምን ቃል አልጻፍክበትም?» አለችው በሁለተኛው ቀን።

«ቃል ካለ ሰው ሥዕሉን አያይም። ቃሉን አንብቦ ይገልጣል።»

«እሱስ እውነት ነው» አለች፣ ዓይኗን ከክሩ ሳትነቅል።

«በአንዱ ሥዕልና በሌላው መሐል የሆነውን እኔ አልሥልም። የሚያየው ሰው ነው የሚሞላው። ለምሳሌ ሰውየው ጉሙ ውስጥ ምን እንዳሰበ...»

«መመለስ አስቦ ነበር።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ጫማው። አንዱ ወደ ኋላ ዞሯል።»

ሰዓሊው ያችን ነጥብ የምታህል ሰውዬ አየ። እርሳሱን አስቀመጠ።

«እኔ አላሰብኩትም።»

«እጅህ አስቦታል።»

 ክሩ በወረቀቱ ውስጥ ሲያልፍ ይሰማል።

«ታዲያ ታሪኩ ያለው በሁለቱ ሥዕል መሐል ከሆነ» አለች ከቆይታ በኋላ፣ «እኔ በምሰፋው ቦታ ላይ ነዋ!»

ያን ጊዜ ሳቀ። ሲስቅ ትከሻው ይቃናል። ወስፌ ይህን አይታ ዓይኗን ሰበር አደረገችና ጣቷን ወጋች፤ በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ኧረ ወንድሜ፣ እርሳስህ ካለቀ እኮ ሰነበተ!» አለች አጣፊዋ ከወዲያ ማዶ። «በባዶ እንጨት ነው የምትሥለው?»

«አንቺ ወረቀትሽን እጠፊ!» አለች ወስፌ።

በአሥራ ሁለተኛው የሥራ ቀን፣ ሰኞ፣ ሰዓሊው ከጠረጴዛው ተነሥቶ አንዲት የታጠፈች ወረቀት ሰጣት። ነገሩን ሁሉ በሥዕል ሲጨርስ የኖረ ሰው፣ በዚያን ቀን ጻፈ! ሊሥልላት አስቦ ነበር፤ ማንበብ ለምትችል ሴት ሥዕል መስጠት እንደ ሕጻን መቁጠር መስሎት ተወው። አክብሯት ነው። ክብር ደግሞ አንዳንዴ እንዲህ አድርጎ ሰው ይገድላል።

«ከሐሙስ በፊት... አንብቢውና...» አለ። አፉ ተሳሰረ። ወጣ።

እናቷ ጋ ነበር የምትኖረው፤ ሁለቱ ብቻ፣ ሁለት ክፍል ቤት። ከሥራ ስትመለስ እናትየው በራፉ ላይ ተቀምጠው የተቀደደ የትራስ ልብስ ይጥፋሉ። ወስፌ ወረቀቱን ጭናቸው ላይ ዘረጋችው።

«ምንድነው እሱ?»

«ደብዳቤ።»

«ከማን?»

«ከሰው ነዋ እማዬ፣ ከማን ይሆናል!»

እናትየው መነጽራቸውን አደረጉ። መነጽሩ ለመርፌ እንጂ ለፊደል አልተገዛም። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ያንን ወረቀት፣ ከዘመድ የመጣ ሕፃን ፊት እንደሚያዩ ሁሉ አዩት።

«መስመሩ ወደ ታች ያዘነብላል» አሉ እናትየው። «ያዘነ ሰው እጅ ነው።»

«ወይም ጠረጴዛዬ ስለዘመመ ነው።»

«ይቺ ቃል እዚህም አለች። እዚህም። አራት ጊዜ። ስምሽ ትሆን?»

ወስፌ ቃሏን በጣቷ ዳሰሰቻት። ስሟ እንዴት እንደሚጻፍ አታውቅም። አራት ጊዜ ከሆነ ግን ምን ሌላ ነገር ሰው አራት ጊዜ ይጽፋል?

«ለጎረቤት ልጅ እናስነብበው» አሉ እናትየው።

«ሞቼ እገኛለሁ! የሰው ልጅ አፍ ላይ ልወጣ?»

«ያቺ የምታጥፈው ጓደኛሽስ?»

«እሷ ካነበበችው ምሳ ሰዓት ላይ ማተሚያ ቤቱ በሙሉ በቃሉ ይወጣዋል። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ይጠራኛል። አሥራ አንድ ዓመት ዋሽተሽኛል ይለኛል።»

«ለራሱ ንገሪዋ! አላነብም በይው።»

ወስፌ ወረቀቱን አጠፈች። በዚያ ጠረጴዛ ላይ እንደ እሷ የሚያይ ሰው የለም ብሎ ያመነ አንድ ሰው አለ። እሱ ፊት ቆማ፣ እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ መሃይም ነኝ ልትለው? ማክሰኞ የመጨረሻ እርማት ሊያይ ሲመጣ ልትነግረው ወሰነች፤ አፏን ከፍታ፣ «መስኮቱን ዝጋው» አለችው። ደብዳቤውን ጉያዋ ይዛ ትውላለች፤ ይኼው ከቆዳዋ ጋር ተጣብቆ ይሞቃል፣ አንድ ቃል ግን አይነግራትም። እጅ እግሯ ተያዘ።

ረቡዕ ሰዓሊው መጥቶ ፊቷ ቆመ።

«አነበብሽው?»

«አየሁት።»

«እና?»

ወስፌ መልስ አጥታ አታውቅም። ጥፋቷም እሱ ነው። ለጋዜጣው የምትሰጠው ዓይነት መልስ ከአፏ አመለጣት።

«እና ምን? ጥሩ ጽሑፍ ነው።»

«ጥሩ... ጽሑፍ?»

«አዎ። እጅህ ያምራል።»

ፊቱ ውኃ የፈሰሰበት ፍም ሆነ። ሊናገር ፈልጎ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ እሷም አፉን አፉን እያየች ጠበቀች፤ የወጣው ግን አንድ ቃል ብቻ ነው።

«ገባኝ።»

ምን እንደገባው እሷ አልገባትም። እርሳሶቹን ሰበሰበ። ልትጠራው ፈለገች፤ ጠርታ ምን ልትለው?

ሐሙስ ጠዋት የጠረጴዛው ጫፍ ባዶ ነበር።

«መቼም ነግሮሽ ይሆናል» አለች አጣፊዋ። «አሳታሚው ቋሚ ሥራ ሰጥቶት ወደዚያኛው ከተማ ሄደ። የአንድ ቀን መንገድ ነው አሉ። ዛሬ ማለዳ ነው የተሳፈረው። አልነገረሽም?»

«ነግሮኛል» አለች ወስፌ። ለዚያውም ቀና ብላ።

ከዚያ በኋላ ያለው ለወሬም አይመች። ስልክ የነበረው ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው፤ ደብዳቤ አትጽፍ፤ ተነሥታ እንዳትሄድ፣ ማን ብላ፣ ምን ብላ ትሂድ? ይህ አልበቃ ብሎ መጽሐፉ ታትሞ መጣ፤ ሦስት ሺህ ቅጂ። ሁሉም በእጇ አለፈ። ሦስት ሺህ ጊዜ ያንን ሰውዬ ጉም ውስጥ አስገባችው፣ ሦስት ሺህ ጊዜ ከዚያች ሴት ደጃፍ አደረሰችው። የእሷ ሰው ግን የትም አልደረሰም።

«ከሳሽ» ይሏታል እናቷ። «ብይ።»

«እየበላሁ ነው።»

«ሳህኑን ነው የምታዞሪው።»

መላው የመጣላት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ብላሽ ወረቀት ወደሚጠራቀምበት ጥግ ስትሄድ ነው። የሙከራው ኅትመት እዚያ ወድቋል። አንዱን ሥዕል አነሣች። ሌላውን አነሣች። ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ከዚያ ቦታ አቀያየረቻቸው። ሰውየው ሌላ ታሪክ ሆነ። መሬት ላይ ቁጢጥ ብላ እያፈራረቀች ብዙ ቆየች። መሣል አትችልም፤ መጻፍ አትችልም። መደርደር ግን ከእሷ በላይ ማን ይችላል?

መጀመሪያ ሰውየውን በሩን ተሸክሞ ሲመጣ አደረገች። ቀጥላ ያቺን መስኮት ላይ ጀርባዋን የሰጠችውን ሴት። ቀጥላ የራሱን ደብዳቤ፣ ከጉያዋ አውጥታ፣ ከገጾቹ እንደ አንዱ አድርጋ ሰፋችው። ገልብጣ። ራሱ ወደ ታች፣ እግሩ ወደ ላይ። ከደብዳቤው ፊት ለፊት ጉሙን አስቀመጠች፤ ደብዳቤው በግራ፣ ጉሙ በቀኝ፤ ከአንዲት ነጥብ በቀር ምንም የማይታይበት አመድ። ከዚያ ነፋስ ፀጉሯን የሚበትንባት፣ በር የሌላት ሴትዮ። በሩ የገጠመበትን የመጨረሻውን ሥዕል አላስገባችም። በቦታው ነጭ ወረቀት ሰፋች።

አድራሻውን ደግሞ ማን ይጻፍላት? ወደ አሳታሚው በየሳምንቱ እሽግ ይላካል፤ የታተመ አድራሻ ያለበት ወረቀት በገመድ ታስሮ ተሰቅሏል። አንዱን ገነጠለች። ስሙን ግን ከየት ታምጣ? ሽፋኑን አየች፤ ሁለት መስመር፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ። ትልቁ የመጽሐፉ፣ ትንሹ የሰውየው ነው። ይህን ማን ነገራት? ደራሲዎች አዲስ መጽሐፋቸውን ሊወስዱ ሲመጡ መጀመሪያ ጣታቸውን የሚያሳርፉት ትንሿ ጽሑፍ ላይ ነው፤ ስንት ጊዜ አይታ ስቃለች። ትንሿን ቆርጣ አድራሻው ላይ ለጠፈች። እሽጉን ከእሽጎቹ መሐል ሰደደችው።

ሳምንት አለፈ። ሁለት ሳምንት። የተቀበለው ሰው ማን እንደሆነ አታውቅ፤ ደርሶት ይሁን፣ ደርሶት ስቆበት ይሁን አታውቅ። ምናልባት አግብቶ ይሆናል። ምናልባት ትንሿ ጽሑፍ ስሙ አልነበረችም ይሆናል። በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ ትላለች፤ ወይ ጎረቤት ነው፣ ወይ ነፋስ። ሦስት ሳምንት። አራት። «ያንን በር እንዲህ ካየሽው ይቀደዳል» አሉ እናቷ፤ መልስ አልሰጠችም። ምላሷ ከተዘጋ የነገሩን ክፋት እናት አታጣውም።

በአምስተኛው ሳምንት፣ እሑድ ከሰዓት፣ በሩ ተንኳኳ። አልተነሣችም። ሰልችቷታል። እናትየው ከፈቱ።

«ልጄ፣ ረዥም ሰው ነው» አሉና ወደ ጓዳ ገቡ። መጋረጃውን ጋረዱት። ሙሉ በሙሉ ግን አልጋረዱትም።

ሰዓሊው መጽሐፉን ደረቱ ላይ ይዞ ቆሟል።

«ዘገየህ» አለችው። 

«መጋዘን ውስጥ ጥለውት ነበር። የተበላሸ ቅጂ... ተመላሽ መስሏቸው። ከትናንት ወዲያ ጠርተው ሰጡኝ። ለማተሚያ ቤቱ ክስ ጻፍ አሉኝ፤ ጠራዧ ገጽ አዛብታለች ብዬ።»

«እና ጻፍክ?»

«መጣሁ።»

ተቀመጠ። መጽሐፉን ከፈተ፤ ደብዳቤው የተሰፋበት ላይ ቆመ።  ዓይኑን ወደ እሷ አነሣ።

«ገልብጠሽዋል።»

«አዎ።»

«አንቺ ገጽ ገልብጠሽ አታውቂም።»

«አላውቅም።»

«ሁልጊዜ... ፊደል ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚታይሽ?»

 አሥራ አንድ ዓመት ያነቃት ነገር፣ ሲወጣ ያን ያህልም ትልቅ አልነበረም።

«ቀጥ አድርጌ ብይዘውም ያው ነው።»

ይስቃል ብላ ጠበቀች። ወይም ያዝናል፤ እሱ ይብስባታል። ሰዓሊው ግን በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ያዘ።

«እኔ ነኝ ጥፋተኛ! ሥዬ ልሰጥሽ ስችል...»

«ተወው። አንብብልኝ።»

መጽሐፉን ገለበጠው፤ ደብዳቤው ቀና አለ። ማንበብ ጀመረ። የጻፈውን ሲያነብ ምላሱ አይያዝም። ሐሙስ እንደሚሄድ ይላል። ሥራው ቋሚ እንደሆነ፣ ለባለ ትዳር ሠራተኛ ሁለት ክፍል ቤት እንዳለው፣ ለእናቷም ቦታ እንደሚበቃ። እስከ ረቡዕ አንድ ቃል ከነገረችው ሽማግሌ እንደሚልክ።

«ቤቱ አሁንም አለ?» አለች።

«ለሌላ ሰው ተሰጠ። እኔ ያለሁት... ከሁለት ሰው ጋር፣ አንድ ክፍል ነው።»

«ይቺ ቃል ምንድናት? አራት ጊዜ ያለችው።»

አየና አቀረቀረ። «ባትፈልጊም።»

«እኮ ምን?»

«‹ባትፈልጊም› ነው የሚለው። ባትፈልጊም አልቀየምሽም። ባትፈልጊም ይገባኛል...»

«አራት ጊዜ!» ብላ ጮኸች። «እኔና እማዬ እኮ ስሜ ነው ብለን ስንዳስሳት ከረምን!»

ከመጋረጃው ጀርባ ሳል መሳይ ሳቅ ተሰማ።

«ቀጥል» አለችው።

ሰዓሊው ቀጠለ። ትንሽ አነበበና ድንገት ቆመ።

«አለቀ?»

«አላለቀም። የመጨረሻው መስመር የለም።»

«የት ሄደ?»

«ከርክመሽዋል። ወረቀቱ ከመጽሐፉ ረዝሞ ነበርና... ጫፉ ተቆርጧል።»

እውነቱን ነው። ጫፉ ያልተስተካከለ መጽሐፍ ከወስፌ እጅ ወጥቶ አያውቅም፤ ዳርዳሩን ስትከረክም፣ ተገልብጦ ከላይ የቀረውን መስመር ከብጣሽ ወረቀቱ ጋር አብራ ጥላዋለች። ተጠርጎ ከሄደ ሰንብቷል። 

«ምን ይል ነበር?»

ሰዓሊው አፉን ከፈተ። ዘጋ። እጁን ወደ ኪሱ ሰድዶ እርሳስ አወጣ፤ ነጩን ገጽ ገለጠ። ወስፌ እርሳሱን ከጣቶቹ መሐል ወሰደችው።

«በእሱ አይደለም። በአፍህ።»

«እኔ እኮ...»

«አውቃለሁ። እኔም አልችልም ነበር፤ ይኼው ነገርኩህ።»

ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። መስኮቱን አየ፣ እጆቹን አየ፣ እሷን አየ። እሷ አልረዳችውም። ንግግሩን እየቆረጠች የምትጨርስለት ሴት፣ በዚያን ሰዓት አንዲት ቃል አላቀበለችውም። የመጀመሪያው ቃል ወጣ። ሁለተኛው ዘገየና ወጣ። ሦስተኛው ላይ ቆመ፤ ጉሮሮው ሲወጣና ሲወርድ ታያለች፤ እጆቿን ጭኗ ላይ ጨብጣ ጠበቀች። ከዚያ የቀረው ሁሉ ተከታትሎ፣ እየተሰባበረ፣ በጣም ቀስ ባለ ድምፅ ወጣ። እናትየው መጋረጃው ጋ ጆሯቸውን ቢያስጠጉም አልሰሙትም፤ እስኪሞቱ ድረስ ሲጠይቋት ኖረዋል።

ወረቀቱ ላይ የነበረው ይኸው ቃል ይሁን፣ ወይም አሁን የፈጠረው ይሁን፣ ወስፌ ማወቂያ አልነበራትም። ወረቀቱ ቢኖርም ኖሮ አታውቅም ነበር። ያላት የሰውየው ፊት ብቻ ነው። አየችው፤ ደጋግማ፣ ከላይ እስከ ታች፣ አንዲት መስመር ሳትዘል አየችው።

አመነችው።